የካውንተር ድንጋይ እንከንና የሻጩ አደራ

ንግድ በመተማመን የቆመ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይሁን እንጂ ይህ መተማመን የሚፈተነው ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ በሚቈጠርበት ሰዓት አይደለም። የሚፈተነው ዕቃው ከገዥው ቤት ከገባ በኋላ እንከን የተገኘበት ዕለት ነው። በዚያን ዕለት ሻጩ የሚመልሰው ቃል ለብዙ ዓመታት የሚቈይ ደንበኛ ያተርፍለታል፤ ወይም ያሳጣዋል። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በየአዲሱ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የሚገጠመው የድንጋይ ካውንተር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጭልሞ ደን አጠገብ ባለችው በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ወጥ ቤቱን በግራናይት ወይም በእምነ በረድ ማሳመር ይወዳል። ድንጋዩ ከአዲስ አበባ መጋዘን ተጭኖ የሚመጣ ሲሆን፣ እስከ አምቦ ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ድንጋይ እንከን ተገኝቶበት ይለወጥ ቢባል፣ የመኪናው ኪራይ፣ የጫኝና የአውራጁ ዋጋ፣ የገጣሚውም የእጅ ሒሳብ ሁለተኛ ይከፈላል። ከዚህም በላይ ከዚያው አለት የተሰነጠቀው ድንጋይ ተሸጦ ካለቀ፣ መልኩ በትክክል የሚገጥም ሌላ ማግኘት ያስቸግራል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እንዲህ ነው። ገጣሚው ቅዳሜ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ሰኞ ጧት የቤቱ እመቤት በዕቃ ማጠቢያው ዙሪያ የጠቈረ ነገር፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ የደበዘዘ ክብ ምልክት ታያለች። ባለቤቱ ወደ ባለሱቁ ይሄዳል። ባለሱቁ «ያበላሸው ገጣሚው ነው» ይላል፤ ገጣሚው «ድንጋዩ ነው» ይላል፤ አስመጪውም «ከመጋዘኔ ሲወጣ ደኅና ነበር» ይላል። ሦስቱም ጥፋቱን እርስ በርሳቸው ሲወራወሩ፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ብቻውን ይቀራል። እርሱም በዚያ ከተማ የሚያውቀውን ሁሉ ወደዚያ ሱቅ እንዳይሄድ ማስጠንቀቁ አይቀርም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጀመሪያ የሚሸጠውን ዕቃ ካለማወቅ የተነሣ ነው። እምነ በረድ በጠባዩ የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው። ስለዚህ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ጠጅ ወይም ለስላሳ መጠጥ ሲፈስበት አሲዱ ፊቱን ይበላዋል፤ የሚቀረውም ምልክት እድፍ ሳይሆን የተጐዳ ድንጋይ ነው። እውነተኛ ግራናይት ግን ለሎሚ አይበገርም፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሰፋ ያለ እንደ ሆነ ዘይትና ቅቤ ይጠጣል። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» ተብሎ ከሚሸጠውም ውስጥ ጥቁረቱ እንዲጐላ ቀለም ወይም ዘይት የተቀባ ይገኝበታል። በአምቦ አካባቢ የሚወጣው የአሸዋ ድንጋይ ለግድግዳና ለሕንፃ ፊት የታወቀና የተመሰገነ ነው፤ ለወጥ ቤት ገበታ ግን ውኃና ዘይት ስለሚጠጣ፣ ይህን ሳይናገሩ ለዚህ ሥራ መሸጥ ተገቢ አይደለም።

የድንጋዩን ዐይነት ለመለየት ታላቅ ምርመራ አያሻም። ከተቈረጠው ትራፊ ላይ የሎሚ ጠብታ አድርጎ ጥቂት መቈየት ነው፤ ፊቱ ከደበዘዘ ድንጋዩ የእምነ በረድ ወገን ነው። የውኃ ጠብታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድንጋዩን ካጠቈረው፣ ዘይትና ውኃ የሚከለክል መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። በአሴቶን የራሰ ነጭ ጨርቅ ጥቁሩን ድንጋይ ሲያሹት ከጠቈረም ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ገዥው ፊት ለማድረግ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሩብ ሰዓት የነፈገ ሻጭ ኋላ በክርክር ሳምንታት ያጠፋል።

እንከን በተገኘም ጊዜ ሁሉም አንድ ዐይነት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በማጠቢያው ዙሪያ የሚታየው ጥቁረት ድንጋዩ ሲቈረጥ የጠጣው ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ደርቆ ይጠፋል። ሳይጠፋ ቢቀር ግን ከማጣበቂያው ሲሊኮን የወጣ ዘይት ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከታች ካለው ሲሚንቶ በርጥበት የወጣ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ርጥበቱም ከምንጩ ይደርቃል። ዝገት መሰል ነጠብጣብ በድንጋዩ ውስጥ ካለ ብረት ወይም በላዩ ከተረሳ የብረት ዕቃ ይመጣል። የተፈጥሮ ሥንጥር ጥፍር አይዝም፤ በመንገድ ወይም በገጠማ የተሰነጠቀ ግን ጥፍር ይይዛል። እንደ አምቦ ውኃ ያለ ማዕድን የበዛበት ውኃ ደግሞ በላዩ ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ይተዋል፤ ይህ ቶሎ ከተጠረገ ጉዳት የለውም።

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ነገር እንደ ተነገረ ያህል ይስማማል። የፈሰሰ ዘይት ወይም ወጥ ወዲያው ቢጠረግ ምልክት አይተውም። ዘይት ከሰረገ በኋላም ቢሆን፣ የዳቦ ሶዳ በውኃ ወይም በአሴቶን ተለውሶ ወፍራም ሊጥ ሆኖ ከተቀባ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ቀን ከዋለ፣ ከዚያም ተገልጦ ከደረቀ፣ ዘይቱን እየሳበ ያወጣዋል፤ አስፈላጊ ከሆነም ይደጋገማል። አሴቶን ግን እሳት ቶሎ የሚይዝ ስለ ሆነ ምድጃ በሚነድበት ቤት አይነካም። የደበዘዘውን እምነ በረድ ደግሞ በዱቄት አሽቶ የሚመልሰው ባለሙያ እንጂ ምንም ዐይነት ሳሙና አይደለም። በሎሚ፣ በበረኪናና በአመድ ማሸት ጉዳቱን ያብሳል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴ የሚያነሣው መልስ አለ። «ድንጋይ እግዚአብሔር የፈጠረው ነው፤ ቀለሙና ደም ሥሩ የኔ ጥፋት አይደለም» ይላል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። የድንጋይ ደም ሥር ውበቱ እንጂ እንከኑ አይደለም፤ ይህንንም ገዥው ሊቀበል ይገባል። ነገር ግን ስንጥቁን በማስቲሽ ሞልቶ፣ በሰም ወልውሎ፣ ደኅና ነው ብሎ መሸጥ የፈጣሪ ሥራ ሳይሆን የሻጩ ሥራ ነው። በሌላም በኩል ሎሚ ያፈሰሰበትን ድንጋይ «ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር» ብሎ ገንዘብ የሚያስመልስ ገዥ አይታጣም። ስለዚህ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለገዥው ብቻ አይደለም፤ ለቅኑ ነጋዴም ነው።

ሕጉም ቢሆን ሁለቱንም ወገን የተመለከተ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና እንከን የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ገዥውንም ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ እንከን ባገኘም ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን ለአንድ ገበታ ድንጋይ ፍርድ ቤት መመላለስ ለማንም አያዋጣም። ሕጉ የሚጠቅመው ሰዎች ሳይካሰሱ እንደ ሕጉ ሲሠሩ ነው።

ለዚህም የሚያስፈልገው አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። በእርሷም ላይ የድንጋዩ ትክክለኛ ዐይነት፣ መከላከያ ቅባት የተቀባ ወይም ያልተቀባ መሆኑ፣ ምን እንደሚጐዳው ይጻፍ። ድንጋዩ ከመኪና ሲወርድ ሻጩ፣ ገጣሚውና ገዥው በቀን ብርሃን አብረው ይዩት፤ ውኃ አፍስሰው ይጥረጉት፤ ስንጥቅ ቢኖር ያን ጊዜ ይታያል። ከተገጠመ በኋላም እንደገና ይታይና ሦስቱም ይፈርሙ። ከዋጋው ጥቂቱ እስከዚያ ድረስ ባይከፈል፣ ገጣሚው ሥራውን ጠንቅቆ ይጨርሳል። የተቈረጠውም ትራፊ ለገዥው ይሰጥ፤ ኋላ ክርክር ቢነሣ ምስክር የሚሆነው እርሱ ነው።

አስመጪውም ከዚህ ኀላፊነት ነጻ አይደለም። የጊንጪ ወይም የአምቦ ባለሱቅ የሚያውቀው አስመጪው የነገረውን ብቻ ነው። አስመጪው የድንጋዩን ዐይነት በደረሰኙ ላይ በትክክል ካልጻፈ፣ ባለሱቁ ሳያውቅ ዋሾ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ «ግራናይት» ተብሎ ሲሸጥና ሲበላሽም፣ ከቤኒሻንጉልና ከትግራይ የሚወጣው የአገር ውስጥ እምነ በረድ ስም አብሮ ይጠፋል፤ ገዥው የሚያስታውሰው የድንጋይ ካውንተር እንዳሳፈረው ብቻ ነውና።

አንድ ካውንተር በደኅና ከተያዘ ከገጠመው ሰው ዕድሜ ይበልጣል። ልጆች በአጠገቡ ያድጋሉ፤ እንግዳ በገባ ቍጥር ከየት እንደ ተገዛ ይጠየቃል። ያን ጊዜ የሻጩ ስም በበጎም ሆነ በክፉ ይነሣል። ከጠፋ በኋላ በብር የማይመለሰውን ይህን ስም፣ ሩብ ሰዓት በሚፈጅ ምርመራና በአንዲት ገጽ ወረቀት ሊጠብቀው የሚችል ነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ አትራፊ ሥራ አያገኝም።