ወረቀታችንም እውነት ይናገር



ከጅጋ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና በዙሪያው ካለው ገጠር ወጥተው በሰው አገር ዓመታት ያስቆጠሩ ልጆች አሉን። አንዱ በትምህርት ቪዛ ሄዶ ወደ ሥራ ቪዛ ተሻግሯል፤ ሌላዋ ቪዛዋን በየጊዜው እያሳደሰች ሰባትና ስምንት ዓመት ኖራለች። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚያመለክቱበት ጊዜ ሲደርስ ይደውሉልናል። የሚለምኑን ሁለት ነገር ነው፦ «ጸልዩልን» እና «ደብዳቤ ጻፉልን»። የመጀመሪያውን ሳናመነታ እንቀበላለን። ሁለተኛውን ከመቀበላችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ደብዳቤው ምን ይበል?

አብዛኛውን ጊዜ ልመናው ቀና ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ያልነበረ ጋብቻ እንደነበረ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የተዋወቅነውን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደምናውቀው አድርገን እንድንጽፍ እንጠየቃለን። «ፓስተር፣ ለእናንተ አንድ ማህተም ናት፤ ለእኔ ግን ሕይወቴ ናት» ይሉናል። ይህ ንግግር ያማል፤ ግማሹ እውነት ነውና። ስለዚህ በስልክ በጥድፊያ የምንመልሰውን ዛሬ ረጋ ብለን እንጻፈው።

አቋማችን ይህ ነው። ቋሚ መኖሪያ መፈለግ ኃጢአት አይደለም። በሐሰት መፈለግ ግን ኃጢአት ነው። ልጆቻችን በሐሰት እንዳይፈተኑ ማገዝ ደግሞ አገር ቤት የቀረነው የእኛ ድርሻ ነው።

ወረቀት መፈለግ አለማመን ነውን?

አንዳንድ ቅዱሳን «የእኛ አገር ሰማያዊ ነው፤ አማኝን ስለ ግሪን ካርድ ምን አስጨነቀው?» ይላሉ። ንግግሩ መንፈሳዊ ይመስላል። የሚናገረው ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሰው ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ዜግነቱን አልናቀም። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከገረፉት በኋላ በስውር ሊሸኙት ሲሞክሩ የሮም ሰው መሆኑን አስታወቃቸው (ሐዋ. 16፥37)። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት መብቱን ጠየቀ፤ ሻለቃው በብዙ ገንዘብ የገዛውን ዜግነት እርሱ በመወለድ እንዳገኘው ነገረው (ሐዋ. 22፥25-28)። ስለ ሰማያዊው አገራችን የጻፈልንም ይኸው ሰው ነው (ፊልጵ. 3፥20)። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አልተጣሉም።

ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለተቀመጡባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ጽፎላቸዋል (ኤር. 29፥4-7)። ቪዛ ላይ ላለ ሰው ቤት መሥራት ይከብደዋል። በአሜሪካ ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ የሚኖር ሰው ሥራውን ካጣ በአብዛኛው ያለው ጊዜ እስከ 60 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ወይም ሌላ ሕጋዊ መንገድ ካላገኘ ጓዙን መጠቅለል ይኖርበታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው፣ የቤት ኪራይ ውሉ ገና ሳያልቅ፣ ኑሮው ሁሉ በአንድ አለቃ ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው ከሥጋት መውጣት ቢመኝ፣ በአባቶቻችን መሬት ላይ የተቀመጥን እኛ ልንነቅፈው አይገባም።

የአብርሃም ሁለት ቃሎች

አባታችን አብርሃም ዕድሜውን በእንግድነት የፈጸመ ሰው ነው። በባዕድ ባለ ሥልጣናት ፊት የሰጣቸውን ሁለት ቃሎች እናስተያይ።

የመጀመሪያው በፍርሃት የሰጠው ነው። ወደ ግብፅ ሲገባ ሣራ እኅቱ እንደሆነች እንድትናገር ነገራት (ዘፍ. 12)፤ በጌራራም ያንኑ ደገመው (ዘፍ. 20)። ከፊሉ እውነት ነበር፣ የአባቱ ልጅ ነበረችና። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር የጋብቻ ሁኔታውን አሳስቶ ሞላ። እግዚአብሔር ሣራን ጠበቃት፤ ያ ጥበቃ ግን ለውሸቱ የተሰጠ ማህተም አልነበረም። የእምነት አባት የተባለውን ሰው ቆሞ የገሠጸው ጣዖት አምላኪው ንጉሥ ነበር። ከዚያም ልጁ ይስሐቅ በዚያው በጌራራ ያንኑ ቃል ደገመው (ዘፍ. 26)። በድንበር ላይ የተነገረ ውሸት ለልጅ ይወረሳል።

ሁለተኛው ቃል በኬብሮን የተሰጠ ነው (ዘፍ. 23)። ሣራ ሞታ የመቃብር ቦታ ሲፈልግ ንግግሩን የጀመረው እንግዳና መጻተኛ መሆኑን በመናገር ነው። መሬቱን በነጻ እንዲወስድ ቢጋበዝም 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። በከተማው በር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እርሻው፣ ዋሻውና ዛፎቹ ተዘርዝረው ጸኑለት። የአመልካቹ ትክክለኛ ማንነት፣ የተከፈለ ዋጋ፣ ምስክሮች፣ ዝርዝር፤ ምንም ያልጎደለው ሰነድ ነው። በተስፋዪቱ ምድር በገዛ ገንዘቡ የያዘው መሬት ይኸው ነበር፤ የያዘውም እውነት ተናግሮ ነው።

ማመልከቻ የምትሞሉ ወገኖቻችን ሆይ፣ የአብርሃም ልጆች ናችሁ። ከሁለቱ ቃሎች የኬብሮኑን ምረጡ።

ውሸት የሚገባባቸው በሮች

በጅምላ «አትዋሹ» ማለት ስለማይጠቅም በሮቹን በስማቸው እንጥራቸው።

አንደኛው ጋብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የዲቪ ዕጣ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ እንዲሰጥ ተደረገ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ በር በእውነት ገብተዋል። ነገር ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘብ ተቀብሎ የማያውቃትን ሴት «ሚስቴ» ብሎ ሲወስድ አይተናል፤ ሰምተናል። በዚያ አገር ሕግ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል ብቻ መጋባቱ የተረጋገጠበት ሰው፣ በኋላ በእውነት ቢያገባ እንኳ የትዳር ጓደኛው የምታቀርብለት ጥያቄ አይጸድቅለትም። ጋብቻን ክቡር ብለን የምንሰብክ እኛ በሽያጩ ላይ ማህተም ልናሳርፍ አንችልም።

ሁለተኛው በር ልጅን መደበቅ ነው። ጉዳዩ ይፈጥንልኛል ብሎ ወይም አፍሮ፣ አገር ቤት ከአያቱ ጋር የሚያድገውን ልጅ ሳይጠቅስ የሚሞላ አለ። በካናዳ ደንብ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ሲገባ ያላስታወቀውንና ያልተመረመረለትን የቤተሰብ አባል በኋላ በቤተሰብ ስም ለማምጣት በመሠረቱ አይፈቀድለትም። ከዓመታት በኋላ «ልጄ» ብሎ ሊጠራው ሲፈልግ የገዛ ፊርማው «ልጅ የለኝም» እያለ ይሟገተዋል። ከዚህ የከፋ ምን ቅጣት አለ?

ሦስተኛው የተውሶ መከራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጎጃም የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገንም። በእውነት የሸሸ፣ ቢመለስ የሚጠፋ ሰው አለ፤ እርሱ የደረሰበትን ያለ ቅመም ይናገር፣ ይበቃዋል። ያልደረሰበትን የሚያወራ ሰው ግን ከመንግሥት ይልቅ የሚበድለው ይህንን ወንድሙን ነው። ብዙ የፈጠራ ታሪክ የሰማ መርማሪ እውነተኛውን እንባ በጥርጣሬ ያየዋል።

ሕጉም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ሆን ብሎ በዋና ጉዳይ ላይ የዋሸ ሰው በመሠረቱ ለዘለቄታው ይከለከላል፤ የይቅርታው መንገድም ጠባብ ነው። ካናዳ 5 ዓመት ትከለክላለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው አንድ ጊዜ ፋይል ውስጥ የገባ ቃል አይመለስም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ዜግነት ሲጠየቅ ያው ፋይል ይከፈታል።

«የዕብራውያን አዋላጆችስ? ረዓብስ?» የሚለን አይጠፋም። አዋላጆቹ ፈርዖን ሕፃናትን እንዳይገድል፣ ረዓብ ሰላዮቹ እንዳይሞቱ በነፍሳቸው ተወራርደው የሌላውን ነፍስ አተረፉ። የተሻለ ኑሮ ለማግኘት ቅጽ አሳስቶ መሙላትን ከዚያ ጋር ማስተካከል ለእነዚያ ሴቶች ክብር አይሆንም።

ሰነድ ለሌለው እውነተኛ

አንድ ነገር ደግሞ በሐቀኝነት እንናገር። ብዙ ሰው ወደ ሐሰት የሚገፋው እውነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት ሲያጣ ነው። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በጅጋ ገጠር የተወለደ ሰው የልደት መዝገቡ የእናቱ ትዝታ ነው፦ በርበሬ ሲለቀም፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ቀበሌ ሄዶ ማስረጃ ማውጣት ራሱ ፈተና ሆኗል። በዚህ መካከል ደላላ ይመጣና «አንድ ቀን ስጡኝ፣ ባለ ማህተም የልደት ካርድ አመጣለሁ» ይላል።

አትቀበሉት። እውነተኛው መንገድ አለ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ ዋናው ሰነድ እንደሌለ ወይም ሊገኝ እንደማይችል ላስረዳ ሰው እንደ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያለ ሌላ ማስረጃ ይቀበላል። ያም ከሌለ ነገሩን በቀጥታ የሚያውቁ፣ የጉዳዩ ባለቤት ያልሆኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በመሐላ የሚሰጡትን የጽሑፍ ቃል ያያል። ሙሴም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና አዟል (ዘዳ. 19፥15)። ወልዳችሁን ያየች አክስት፣ አብራችሁ የተማረ ጎረቤት እያለላችሁ ደላላ ምን ያደርግላችኋል?

ቀኖቹንም አስተካክሉ። ጳጉሜን 3 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 8 ቀን 1990 ነው የተወለደው። በጥድፊያ 7 ዓመት ብቻ የደመረ ሰው 1989 ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ፓስፖርቱ አንድ፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ይላል። ስማችንም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ በአባትና በአያት ስም እንጠራለን፣ ሚስትም የአባቷን ስም አትለውጥም። ባልና ሚስት በተለያየ «የቤተሰብ ስም» ሲቀርቡ መርማሪው ግራ ቢጋባ አይገርምም። ልዩነቱን አጭርና ግልጽ በሆነ ደብዳቤ አስረዱት እንጂ አንዱን ስህተት በሌላ ሐሰት አትሸፍኑት። የአድራሻችሁን፣ የሥራችሁንና የግብራችሁን ማስረጃ በየዓመቱ ሰብስባችሁ አስቀምጡ። ጉዳያችሁን ፈቃድ ላለው ጠበቃ አሳዩ፤ «ለእኔ ሠርቶልኛል» የሚል ጓደኛ ጠበቃ አይደለም።

እኛ አገር ቤት ያለነው

ለአገልጋዮችና ለሽማግሌዎች የምንለው አለን። መዝገብ እንያዝ። ሕፃን ለጌታ ስንሰጥ፣ በውኃ ስናጠምቅ፣ ጋብቻ ስንባርክ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ምስክሮቹን ከነፊርማቸው እንጻፍ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻን ያውቃል፤ ስለዚህ የባረክናቸው ጥንዶች ወደ ክብር መዝገብ ሹም ሄደው እንዲያስመዘግቡ በዚያው ሳምንት እንላካቸው። ዛሬ የተጻፈች አንዲት መስመር ከ20 ዓመት በኋላ አንዱን ልጃችንን ከውሸት ታድነዋለች። ደብዳቤ ስንጠየቅም ያየነውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳየነው እንጻፍ፤ ያላየነውን እንተው። ማህተማችን የሚታመነው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

ለምእመናንም እንዲሁ። ልጅ ሲደውል ከጤንነቱ በፊት «ወረቀቱስ?» ብለን አንጠይቅ። በየሠርጉ «የእገሌ ልጅ እኮ ቤት ሠራለት» እያልን የምንጨምርበት ሸክም ወደ ደላላው ቤት ይገፋዋል። ለቅሶ ላይ ደግሞ አንደበታችንን እንግታ። በአሜሪካ ማመልከቻው በሂደት ላይ ሳለ ያለ ቅድሚያ የጉዞ ፈቃድ የወጣ አብዛኛው አመልካች ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። አባቱን ሊቀብር ያልመጣው ልጅ ጨክኖ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ በባዕድ አገር ብቻውን አልቅሷል። በእርሱ ቦታ አፈር እናልብስለት፣ ከእናቱ ጋር እንቀመጥለት፤ «ረሳው» አንበል።

እውነት የተናገረ ሁሉ ይፈቀድለታል አንልም። ቃል ልንገባላችሁ የማንችለውን ቃል አንገባም። እውነት ተናግሮ የተከለከለ፣ እውነት ተናግሮ የተመለሰ ወንድም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጅጋ ቢመለስ በጉባኤያችን የፊት ወንበር ይጠብቀዋል እንጂ የኋላውን አናሳየውም፤ ባዶ እጁን መጣ አይባልም፣ ስሙን ይዞ መጥቷልና። አብርሃምም ቢሆን በድንኳን እንደኖረ ሞተ፤ እግዚአብሔር ግን አምላኩ ተብሎ ለመጠራት አላፈረበትም (ዕብ. 11፥9-16)።

ፋይላችሁን ስታስገቡ ቀኑን ላኩልን፤ በስማችሁ እየጠራን እንጸልያለን። የመጻተኛ አምላክ በፊታችሁ ይቅደም፤ በመርማሪው ፊት ሞገስ፣ በመልሱ ቀን ሰላም ይስጣችሁ። አሜን።