ንግሥቶቹን የተቃወመው ሃይማኖት ነው ወይስ ሥልጣን?

ረመዳን ቁርኣን የወረደበት ወር ነው። በዚህ ወር ሱረቱ አን-ነምልን ስንቀራ የሳባን ንግሥት እናገኛለን። የነብዩ ሱለይማን ደብዳቤ ሲደርሳት ሹማምንቷን ሰብስባ አማከረች፤ ጦርነት አገር እንደሚያጠፋም አስቀድማ አየች። ቁርኣን የነቀፈው ለፀሐይ መስገዷን እንጂ ሴት ሆና መግዛቷን አይደለም።

ይህን የምናነሳው «ሴት መርታ ሕዝብ አይቀናውም» የሚለው ቃል ያለ ቦታው ሲነገር ስለምንሰማ ነው። መነሻው ቡኻሪ የዘገቡት የአቡ በክራ ሐዲስ ነው። የተነገረውም ፋርሶች የንጉሣቸውን ልጅ ማንገሣቸው በተሰማ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ዑለማ ሴት የአገር የበላይ መሪ እንዳትሆን በዚህ ሐዲስ ከልክለዋል። ሆኖም ኢማም አቡ ሐኒፋ በገንዘብ ነክ ጉዳይ ሴት ዳኛ ልትሆን እንደምትችል ተናግረዋል። ነገሩ የዑለማ ውይይት ያለበት ነው፤ የሴትን አፍ መዝጊያ አይደለም።

ታሪክንም እንይ። የፈረንሳዩ ሉዊስ 9ኛ ግብፅን በወረረ ጊዜ የሱልጣኑን ሞት ደብቃ ሠራዊቱን ያጸናችው ባለቤቱ ሸጀር አድ-ዱር ነበረች። በ1250 እ.ኤ.አ. ስትነግሥ ኹጥባ በስሟ ተደረገ። ነገር ግን የደማስቆ አሚሮች አንገዛም አሉ፤ የባግዳዱ ኸሊፋም አልተቀበላትም። 80 ቀን ያህል ገዝታ ዙፋኑን ለቀቀች። ደማስቆን የሚመኙት ሁሉ ሴትነቷን ምክንያት አደረጉት። ሴት አትግዛ ያለው ኸሊፋ ግን በ1258 ባግዳድን ከሞንጎሎች ማዳን አልቻለም።

የእኛም አገር ታሪክ አለው። ከግሼ ደጋ በስተምሥራቅ ቁልቁል ያለው ኢፋት የጥንት የሙስሊም መንግሥታት አገር ነው። በዐረብኛ የተጻፈው የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል የሚጀምረው በሂጅራ 455 (1063 እ.ኤ.አ.) በንግሥት ባዲት ሞት ነው። ጸሐፊው ንግሥት ብሎ መዘገባት።

ከዚያም የኢማም ማሕፉዝ ልጅ፣ የኢማም አሕመድ ባለቤት ድል ወንበራ አለች። ከባሏ ጋር ስትዘምት ወታደሮቹ ትመለስ ብለው ተቃወሙ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። በኋላ ልጇ መሐመድ ተማረከ፤ የዐፄ ገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ደግሞ በሙስሊሞቹ እጅ ነበር። ወንዶች በጎራዴ ያልፈቱትን ሁለቱ እናቶች፣ ድል ወንበራና እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ ተደራድረው ልጆቻቸውን አስመለሱ።

ስለ ዙፋን ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። የእኛ ጥያቄ ቅርብ ነው። በራቤልም ሆነ በሌላው አገራችን የኢፍጣሩን ማዕድ የሚያዘጋጁት፣ ለመስጊድ የሚያዋጡት እናቶች ናቸው። የጀማዓው ጉዳይ ሲመከር ግን ማን ይጠይቃቸዋል? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሑደይቢያ ቀን ሰሓቦች ግራ ተጋብተው ሳለ የእናታችንን የኡሙ ሰለማን ምክር ሰምተው ሠሩበት፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። እሳቸው የሰሙትን እኛ ለመስማት ከከበደን፣ የከበደን ዲኑ ሳይሆን ኩራታችን ነው። በዚህ ረመዳን ከምግቡ ጋር ኩራታችንንም እንጹም።