መስኮቱ ይከፈትልን




እኔ በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ5ኛው ፎቅ የምሠራ ነኝ። ክፍላችን በምዕራብ በኩል መስተዋት ስለ ሆነ ከቀትር በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። ስለዚህ ኤርኮንዲሽነር እንዲገዛልን 11 ሠራተኞች ፈርመን አመለከትን፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝና ወቀሳው መጀመሪያ ለራሴ ነው።

መሣሪያው ተገጠመ፤ ቅዝቃዜው እንዳይባክን ተብሎ መስኮቶቹ በብሎን ታሠሩ፤ ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ መስኮትም በካርቶን ተደፈነች። ክፍሉ በእርግጥ ቀዘቀዘ። ዳሩ ግን ራስ ምታቱና ከምሳ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ አልተወንም፤ አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሁላችንም እንከተላለን። መብራት የጠፋ ዕለትማ አይነሣ። ባለፈው ወር አንዲት ባለጉዳይ እናት ተራ ሲጠብቁ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ደግፈን ወደ ደጅ ብናወጣቸው ወዲያው ነቁ።

ነገሩ ቢከነክነኝ አንድ ባለሙያ ጠየቅሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት መሣሪያ በጠቅላላው ያንኑ የክፍሉን አየር ስቦ አቀዝቅዞ መልሶ ይተፋል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም ኖሯል! የዓለም የጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ሰው በየሴኮንዱ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። ባለጉዳይ ሳይቆጠር ለእኛ ለ11ዳችን 110 ሊትር መሆኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጥገና ሠራተኛው ጋር አንዱን መስኮት ፈትተን የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠለጠልን። መስኮቱ ብቻውን ሲከፈት ሶፍቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። ካርቶኑን አንሥተን ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን መስኮት ስንከፍት ግን ወደ በሩ ተዘርግቶ ይውለበለብ ጀመር። አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይሻልና።

ለድሬዳዋና ለጋምቤላ ባልደረቦቻችን ኤርኮንዲሽነር ቅንጦት አይደለም። 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ ግን ያቃጠለን መስተዋቱ እንጂ የአገሩ አየር አይደለም። ለእርሱም መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ሙቀቱ ከገባ በኋላ መከላከል ስለ ሆነ፣ ጥላው ከውጭ በኩል ቢሠራ ይሻላል። አቧራና ጩኸት ይገባል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። እንግዲያው ጧት ከሥራ በፊትና በምሳ ሰዓት እንኳ ይከፈት።

ብሎኑ እንዲፈታ ካመለከትሁ 3 ሳምንት ሆነኝ። መልሱ «ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል» የሚል ነው። ኮሚቴው በእኛ ክፍል፣ ከቀትር በኋላ፣ በሩን ዘግቶ ቢሰበሰብ እወዳለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ