ምሬት ያለበት ማን ነው?

በኅብረቶቻችን ውስጥ ሰውን ዝም ለማሰኘት «ምሬት አለብህ» ከማለት የሚቀልል ነገር የለም። አንዱ ወንድም የወጣቶች ክፍል ሂሳብ ለምን በስብሰባ እንደማይገለጽ ይጠይቃል፤ ምሬት አለብህ ይባላል። አንዲት እኅት ከመዘምራን ለምን እንደታገደች ማንም ሳይነግራት ሦስት ወር ያልፋል፤ ስትጠይቅ «ምሬት አለብሽ፣ ጸልዪበት» ትባላለች። ጥያቄው ሳይመለስ ጠያቂው በሽተኛ ተደርጎ ይቀራል።

አትሳሳቱ፤ ለምሬት ጥብቅና ልቆም አይደለም። ቁጣና ምሬት አገልግሎትን እንደሚገድሉ አይታችኋል። ቂም የያዘ ሰባኪ ክፍሉን የሚመርጠው ለጉባኤው ሳይሆን በሦስተኛው ረድፍ ለተቀመጠው ሰው ነው። የተኳረፉ ዘማሪዎች ስለ ፍቅር አብረው ዘምረው ከመድረክ ሲወርዱ ሰላምታ አይለዋወጡም። «የጸሎት ርዕስ» እየተባለ የሰው ገመና ይወራል። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ሌባውን ሳሉ እንደሚያጋልጠው ጸሎተኛውንም ቂሙ ያጋልጠዋል።

ሙሴን ተመልከቱ። ያን ሁሉ ዓመት ሕዝቡን የተሸከመ ሰው በመሪባ ተቆጥቶ ዓለቱን መታ (ዘኁልቁ 20)። ውኃው ወጣ፤ ሕዝቡም ጠጣ። እርሱ ግን የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ አየ እንጂ አልገባባትም። በቁጣ የማገልገል አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ውኃ ሊያወጣ ይችላል። ሕዝቡ ተባረክን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አገልጋዩ ግን ውስጥ ውስጡን እየጠፋ ነው።

እንግዲህ ምሬት ኃጢአት ለመሆኑ ክርክር የለኝም። የምከራከረው ምሬት ሲበቅል የምንመረምረው የተጎዳውን ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። ሁልጊዜ የምንጠቅሰውን ዕብራውያን 12፥15ን እንደገና አንብቡት። ስለ መራራ ሥር የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ለአንድ ለተቀየመ ሰው የተላከ አይደለም፤ በብዙ ቁጥር ለማኅበሩ ሁሉ የተነገረ ነው። ሥሩ በመካከላቸው እንዳይበቅል የመጠንቀቅ ኃላፊነት የሁሉም ነው። ሁለት ቁጥር ቀደም ብሎ ደግሞ ያነከሰው የባሰ እንዳይጎዳ መንገዱን እንዲያቀኑ ታዝዘዋል። መንገዱን ያጣመምን እኛ ሆነን ሳለ ያነከሰውን ስለማንከሱ የምንገሥጸው በምን ሥልጣን ነው?

ነገሩን ወደ ደጃችን እናምጣው። በካፋ ዞን የማንጃ ማኅበረሰብ ምን እንዳሳለፈ ቦንጋ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እንደ ሌላው ካፋ ካፊኖኖ ይናገራሉ፤ በአንድ ጫካ፣ በአንድ ዝናብ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ «አዳኞች ናቸው፣ የማይበላ ይበላሉ» እየተባለ ለብዙ ትውልድ ተገልለው ኖረዋል። ከእነርሱ ጋር መብላት፣ በአንድ ዕቃ መጠጣትና መጋባት እንደ ነውር ተቆጠረ። ማገዶና ከሰል ተሸክመው ገበያ ሲመጡ ማገዶውን ገዝተን ሰውየውን ደጅ አቆምነው። ይህን ያደረግነው እንግዳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ አይሄድም የምንል፣ ቡና ከእኛ ወጣ ብለን የምንኮራ ሰዎች ነን።

ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ሲከፍቱ ብዙ የማንጃ ቤተሰቦች ገቡ። በክርስቶስ ዘር እንደማይለይ ሰምተው ነበርና። በአንዳንድ ስፍራ ግን እነርሱ ሲገቡ ሌሎች ወጡ፤ ያልወጡትም ከማዕዳቸው ራቁ። በ1994 ዓ.ም በዞናችን ደም እስከ መፋሰስ የደረሰ ግጭት ሆነ። ደም ማፍሰስን ማንም አያጸድቀውም። ነገር ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ብቻ የሚቆጥር ሰው ታሪኩን ከመሃል ጀምሮታል። በደጅ የቆመን ወንድም «ምሬትህን ጣል» ብሎ ሰብኮለት፣ ከስብከቱ በኋላ ሻይ ለብቻው የሚያቀርብለት ሰው ወንጌልን እያፈረሰ ነው።

ሐዋርያት እንዲህ አላደረጉም። በሐዋርያት ሥራ 6 ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በዕለታዊው እርዳታ ተረሱና ማጉረምረም ተነሣ። ማጉረምረም በእስራኤል ታሪክ ትልቅ ኃጢአት መሆኑን ሐዋርያት ያውቁ ነበር። ግን ስለ ማጉረምረም አልሰበኩም፤ እርዳታው የሚታደልበትን አሠራር አስተካከሉ። የተመረጡትም ሰባት ሰዎች ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ ይላል ሉቃስ። ጴጥሮስም በአንጾኪያ ከአሕዛብ ማዕድ ሲሸሽ ጳውሎስ የተቃወመው የሸሸውን ጴጥሮስን ነው፤ የተሸሹትን አሕዛብ «አትቀየሙ» አላላቸውም (ገላትያ 2)።

«ይቅርታ እኮ ቅድመ ሁኔታ የለውም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ በዳዩ ባይጸጸትም ልብን ከቂም ማንጻት ይገባል። ነገር ግን ይቅርታ የተበዳዩ ሥራ ነው፤ ጥፋትን ማረም ደግሞ የበዳዩ። እናንተ የራሳችሁን ሥራ ትታችሁ የእርሱን ሥራ እንዲያፋጥን አትገፋፉት። ጌታ በማቴዎስ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ ያዘዘው የቱን ሰው ነው? ወንድሙ በእርሱ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ያሰበውን ነው። መጀመሪያ መነሣት ያለበት እርሱ ነው። የመዘምራን ልብስ ለብሳችሁ መድረክ ልትወጡ ስትሉ ያ ሰው ትዝ ካላችሁ፣ ዝማሬው ይቆይ።

አንተ የተጎዳህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍ ለቂማችሁ መጠለያ አታድርጉት። እውነት ከእናንተ ጋር መሆኑ ከምሬት አያድናችሁም፤ እንዲያውም ምሬት አጥብቆ የሚይዘው እውነት ያለውን ሰው ነው። ጥያቄያችሁን በግልጽ፣ በስም፣ ለሚመለከተው ሰው አቅርቡ። ካልሰማችሁ በማቴዎስ 18 ሥርዓት አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዛችሁ ተመለሱ። በየመንደሩ ቡና ላይ ግን አታውሩት፤ በሚቀጥለው መዝሙር ውስጥም ደብቃችሁ አታስገቡት። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተካርረው ተለያዩ፤ ሆኖም ጳውሎስ በመጨረሻው መልእክቱ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ይጠቅመኛል ብሎ ለጢሞቴዎስ ጻፈ። የተጣሉትን ሰው ስም በበጎ መጻፍ ይቻላል።

የወጣት መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ወር የጌታ እራት ከመቅረቡ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ከኅብረቱ የቀሩትን ስም ጻፉና ቤታቸው ሂዱ፤ ለምን እንደቀሩ ጠይቁ፤ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ደግሞም በኅብረታችሁ እስከ ዛሬ ማን ከማን ጋር በአንድ ማዕድ እንዳልተቀመጠ በሐቅ ተነጋገሩ። «ምሬት አለብህ» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ለመናገር ድፍረቱ ካላችሁ ተናገሩት።