ስለ አነስተኛ የቤት ኮምፒዩተር አመራረጥና ስለ ሻጩ አደራ

በአዊ ምድር ፈረስ የሚገዛ ሰው የኮርቻውን ጌጥ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። አስቀድሞ አፉን አስከፍቶ ጥርሱን ይመለከታል፤ ኮቴውን ያነሣል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመረምራል። የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበርባት በእንጅባራ ከተማ ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ስለሆነ አስተማሪ አያሻውም። ነገር ግን ያው ብልህ ገበያተኛ ለልጆቹ ኮምፒዩተር ለመግዛት ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ፣ የሣጥኑን ማብረቅረቅና የሻጩን አንደበት ብቻ አምኖ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲወጣ ይታያል።

ኮምፒዩተር በቤት ማኖር እንደ ቅንጦት የሚቆጠርበት ዘመን አልፏል። በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ ከመሣሪያው ጋር የሚተዋወቀው በፈተናው ሰሞን ከሆነ፣ ዕውቀት ሳያንሰው እጁ ስለ ዘገየ ብቻ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት በወላጅም ሆነ በአገር ላይ የሚደርስ ኪሣራ መሆኑ አያጠራጥርም።

በሌላ በኩል የገንዘቡ ነገር አለ። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኮምፒዩተርም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ፣ በደመወዝ ወይም በመጠነኛ ንግድ የሚተዳደር ቤተሰብ ተሳስቶ የገዛውን ጥሎ ሌላ ለመግዛት አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ምርጫው በመጀመሪያው ጊዜ የቀና ሊሆን ይገባል።

ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚበጀው፣ በርካሽ ዋጋ የተሠራ ስሙ የማይታወቅ አዲስ ላፕቶፕ ሳይሆን፣ በመሥሪያ ቤት ጥቂት ዓመት ያገለገለ አነስተኛ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤች ፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። መጠናቸው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም። ከሁሉም በላይ ግን ለረጅም ሥራ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ክዳናቸው በመፍቻ ተከፍቶ የደከመው ክፍል በሌላ ይለወጣል። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ግን ራም የሚባለው ክፍል ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ፣ ባነሰ ጊዜ መጨመር አይቻልም።

የዚህ ዕቃ ጥርሱ ፕሮሰሰሩ ነው። በኢንቴል ኮር አይ 5 ላይ 8500 የሚል ቁጥር ቢገኝ መሣሪያው ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ 6500 ቢል ስድስተኛ፣ 10500 ቢል አሥረኛ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ባመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ከዚያ በታች የሆነውን መሣሪያ ኡቡንቱን በመሰለ በነጻ በሚገኝ የሊኑክስ ሥርዓት ማሠራት ይቻላል፤ ቢሆንም ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት።

ኮቴውም ይታይ። ራሙ ከ8 ጊጋባይት ባያንስ፣ ማኅደሩም አሮጌው ተሽከርካሪ ዲስክ ሳይሆን 256 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስ ኤስ ዲ ቢሆን ለቤት ሥራ ይበቃል። ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች በሽቦ መስመር ሲሠሩ የኖሩ ስለሆነ ዋይፋይ የሌላቸው ይገኛሉ። በቤት ያለውን ቴሌቪዥን እንደ ማሳያ ለመጠቀም የሚያስብም መሰኪያቸው የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ይመልከት። የቀድሞው ባለቤት የቆለፈበት የምሥጢር ቃል አለመኖሩም በሱቁ ውስጥ ተከፍቶ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባባላቸውም እውነት አለበት። ይሁን እንጂ የእነዚህ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች የኃይል ፍጆታ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ አንድ መጠነኛ ዩ ፒ ኤስ ሥራን አስቀምጦ በደኅና ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። የዩ ፒ ኤሱ ዋጋ ግን ከመጀመሪያው በሒሳብ መግባት አለበት። ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ መጻሕፍትንና ትምህርቶችን አስቀድሞ በማኅደሩ ያከማቸ ቤት ምን ያህል እንደሚጠቀም ታይቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈንታ የነጋዴው ነው። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያገለገለውን አዲስ፣ ስድስተኛውን ስምንተኛ ብሎ መሸጥ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለሆነም በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ኮምፒዩተር የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የፕሮሰሰሩን ቁጥር፣ የራሙንና የማኅደሩን መጠን፣ ዕቃው ያገለገለ መሆኑንና የዋስትናውን ጊዜ በደረሰኙ ላይ በግልጥ ቢጽፍ የተገባ ነው።

ገዢው አይረዳውምና መጻፉ ምን ይጠቅማል የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ ገዢው ዛሬ ባይረዳው ነገ ልጁ እንደሚያነብለት ይወቅ። ብልሽት በደረሰ ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ እስከ ባሕር ዳር ወይም እስከ አዲስ አበባ መርካቶ ከመመላለስ፣ በሰፈሩ ቃሉን በጽሑፍ ከሚያኖር ሻጭ ዘንድ ጥቂት ብር ጨምሮ መግዛትን የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። የፈረስ ገበያው ጸንቶ የኖረው ገዢው መርምሮ፣ ሻጩም አስመርምሮ ስለሚገበያዩ ነው፤ የኮምፒዩተሩም ገበያ በዚያው ሥርዓት ቢመራ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።