ማሽኑ ፈጣን ነው ማለት መልስ አይሆንም

«ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፤ የሲስተም መረጃ የሚያሳይ ስክሪፕት ቢንዛዛ ማን ይጎዳል?» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ጉኑኖ ላይ በአሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ የሚማር ልጅን ረስቶታል፤ ተርሚናል በከፈተ ቁጥር ስክሪፕቱ እስኪጨርስ የሚጠብቀው እሱ ነው።

የሜሞሪ መጠን ለማሳየት ካት፣ ግሬፕና አውክን ማሰለፍ ምን አመጣው? ለአንድ ቁጥር ሦስት ፕሮሰስ! ባሽ ራሱ ሚምኢንፎ የተባለውን ፋይል በሪድ እያነበበ፣ መስመሩን እንዳገኘ በብሬክ ይወጣል። ጠቅላላው ሜሞሪ ደግሞ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው።

ደግሞም ነገሩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። ሰርቨር ላይ፣ ባሽአርሲ ውስጥ የገባ ስክሪፕት ሼሉ ኢንተራክቲቭ መሆኑን ሳያጣራ ከለፈለፈ በኤስሲፒ የሚላክ ፋይል ሊቋረጥ ይችላል። ይህን የትኛውም ፈጣን ፕሮሰሰር አያድነውም።

ስለዚህ ማጣሪያውን የስክሪፕቱ አናት ላይ አድርጉት። ባሽአርሲ ውስጥ ግን ሪተርን እንጂ ኤግዚት አትጻፉ፤ ኤግዚት ሼሉን ራሱን ይዘጋዋል።