ደረሰኙ ምን ይላል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። አክስቴ አልደበቀችም። ልጇ አምስት ዓመት ሞልቶት አፉን አለመፍታቱን፣ ስሙ ሲጠራ ዞር አለማለቱን፣ ቀኑን ሙሉ ቆርኪ ሲደረድርና ሲያሽከረክር መዋሉን ለጎረቤትም ለዘመድም ተናገረች። መድኃኒትም አላጣች፤ እንዲያውም በዛባት። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ስለበዛው መድኃኒትና ስለ ሒሳቡ ነው። ውድ አንባብያን፣ ነገሩ የሐኪም ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ፤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛው ደጃፍ ላይ ነው።

አክስቴ ነዋሪነቷ ደጀን ነው። ልጁን ያየው የጤና ባለሙያ «ኦቲዝም ይመስላል» ብሎ ጽፎላታል። ኦቲዝም ማለት ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ሲሆን፣ በንግግር፣ ከሰው ጋር በመግባባትና በጠባይ ላይ ይገለጣል። ከእናት አያያዝም ሆነ ከእርግማን የሚመጣ አይደለም። ነቅሎ የሚያወጣው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በጊዜ የተጀመረ ትምህርትና ሥልጠና ግን ብዙ ልጆችን ይረዳል። ይኸን ያኔ ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ሰው አልነበረም። ቀድሞ የደረሰላት «አዲስ አበባ ከደሙ ብረት የሚያወጡለት ቤት አለ» የሚል ወሬ ነበር።

ዓባይን ተሻግራ ሄደች። ሒሳቡን እንዳለ ልጻፈው። ለደምና ለፀጉር ምርመራ 9,500 ብር። በደም ሥር ለሚሰጠው «ማጣሪያ» 10 ጊዜ፣ በየጊዜው 4,200 ብር፣ በድምሩ 42,000 ብር፣ እሱም በቅድሚያ። ለእንክብልና ለዱቄት 7,800 ብር። ጠቅላላ 59,300 ብር ማለት ነው፤ የመኝታውንና የመኪናውን አልቆጠርኩም። በሬ ተሸጠ፣ ዕቁብ ቀድሞ ተወሰደ፣ ብድርም ተጨመረ። የጤና መድን ካርዷን ስታሳያቸው «እሱ እዚህ አይሠራም» አሏት።

በስድስተኛው ጊዜ ልጁን አስመለሰው፤ ተንቀጠቀጠም። አክስቴ ደንግጣ አቋረጠች። አራት ጊዜ ስለቀረው 16,800 ብር ይመለስልኝ ስትል ክርክር ተነሣ። «የከፈልሽው በጥቅል ነው፤ ጥቅል አይመለስም» አሏት። እሺ ይሁን፣ ነጋዴ ነጋዴ ነው እንበል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ከዚያ የተከተለው ነው። «ባታቋርጪው ኖሮ ይናገር ነበር» አሏት። ገንዘቧን ወሰዱ፣ ጥፋቱን መርቀው ሰጧት።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ወረቀቶቹን ከሣጥን አውጥታ «አንተ ተምረሃል፣ እስቲ እየው» አለችኝ። አየሁት። ማኅተም የለውም። ምን መድኃኒት እንደተሰጠ፣ ምን ያህል እንደተሰጠ፣ ማን እንደሰጠው አይልም። በ42,000 ብሩ አንጻር የተጻፈው «ለጤና ምክር አገልግሎት» የሚል ነው። በሒሳብ ደካማ አይደለሁም፤ ይኸ ግን አልሰላ አለኝ። ምክር በደም ሥር ይሰጣል እንዴ?

ብረት ከደም የማውጣት ሕክምና ራሱ ሐሰት አይደለም። በእርሳስ የተመረዘ ሰው ይታከምበታል። ለኦቲዝም መሸጡ ነው መሠረት የሌለው። አደጋውም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካን አገር በፔንሲልቬንያ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ለኦቲዝሙ ተብሎ የዚህ ዓይነት መድኃኒት በደም ሥሩ ሲሰጠው ሞቷል፤ በደሙ ያለው ካልሲየም ወርዶ ልቡ ቆመ። በ2008 የዚያው አገር የአእምሮ ጤና ምርምር ተቋም በልጆች ላይ ሊሞክረው ያሰበውን ጥናት ለደኅንነታቸው ሲል ሠረዘው። አክስቴ ያቋረጠችው እንግዲህ ይኸን ነው፤ አንጀቷ ነግሯት አዳነችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ ወላጅ ለምን ይከፍላል? ስላልተማረ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አይደለም። ሴክሬቲን ስለሚባል የአንጀት ሆርሞን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለኦቲዝም ፍቱን ነው ተብሎ ተወራ፤ አሜሪካውያን ወላጆች፣ የተማሩት ጭምር፣ ተሻሙበት። በ1999 በታተመ ጥናት ለግማሾቹ ልጆች ሆርሞኑ፣ ለግማሾቹ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ተሰጠ። ልዩነት አልተገኘም። ጨው ውሃ የወሰዱትም ላይ መሻሻል ታይቶ ነበር፤ ልጅ ያድጋላ! የሚገርመው ግን ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ከ100 ወላጆች 69ኙ መድኃኒቱን አሁንም እንፈልገዋለን ማለታቸው ነው። የወላጅ ልብ እንዲህ ነው። ሻጩ ይኸን ያውቃል።

ከሞጣ የመጣው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ረቂቁን አንብቦ «እናትን ተስፋ አታስቆርጣት» አለኝ። መልሴን እዚህ ልስጠው። አክስቴ ልጁን ጸበልም ወስዳዋለች። ካህኑ አምስት ሳንቲም አልጠየቋትም፤ ባይሻለውም ያንቺ ጥፋት ነው አላሏትም። ተስፋ እንደዚያ ሲሆን ማን ይከለክላል? ዋጋ የተቆረጠለት ነገር ግን እንደማንኛውም ሸቀጥ ይጠየቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴም ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። ለአክስቴ ያን ሕግ ማን ያንብብላት? በየገጠር ቀበሌው «እስቲ ይኸን እየው» እየተባለ ወረቀት የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ ነገ እኛ ነን ማለት ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የመድኃኒቱ ስም በጽሑፍ የታለ? ካልሠራ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ልጁ ቢታመም ተጠያቂው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ዲግሪ አያስፈልገውም።

እስካሁን ሌላውን ስወቅስ ቆየሁ። ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። አክስቴ ዓባይን ከመሻገሯ በፊት ልጁን ለማስመዝገብ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወስዳው ነበር። «ሲናገር አምጪው» ብለው መለሷት። ልብ በሉ፣ በሬውን ያሸጠው ይኸ ቃል ነው! ልጁ መጀመሪያ መዳን አለበት፣ ከዚያ ይማራል ብላ አመነች። እኛ «ሲድን» ካልናት መድኅን የሚሸጥላት ቤት መፈለጓ ምን ይገርማል?

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ያላገኙት ነገር ምን እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ከ100ው 74.5ቱ ያሉት ለልጃቸው ትምህርት ነው። የባለሙያ ሕክምና ያሉት 47.1 ናቸው። እኔ ይኸን ቁጥር ሳነብ አፈርኩ፤ ከሁሉ በላይ የጎደለው እኛ ጋ ያለው ነዋ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይኸን ቀድመው ያወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ለእነዚሁ ልጆችም በፊደላችን ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2020 አረፉ። እኛ በየቀኑ በጥቁር ሰሌዳ የምንጽፈውን ሀ ሁ ነው እኮ መሣሪያ ያደረጉት። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን ተሞክሯል፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። በጨዋታና በቤት ሥራ መካከል ልጁን እንዴት ማናገር እንደሚቻል ያሳያል። የጤና ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል፤ መርፌም የለበትም።

ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንድ መምህር ይኸን እንዴት ይችላል? የሚል ጥያቄ በክፍላችን ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው እውነት ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። የማውቀው አንድ ነገር አለ። ከኅዳር ወር ጀምሮ የአክስቴ ልጅ በሌላ ትምህርት ቤት ከአጸደ ሕፃናት ልጆች ጋር እስከ ረፋድ ይቀመጣል። መምህርቷ ቆርኪዎቹን አልነጠቀችውም፤ በየቆርኪው ጀርባ ፊደል ጻፈችበት። አይናገርም፤ ከሀ እስከ ሆ ግን ሳይሳሳት ይደረድራል። ቆርኪው በነፃ ነው።

16,800 ብሩ እስካሁን አልተመለሰም። የደረሰኙን ግልባጭ ስሞቹን ሸፍኜ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ያላመነ ያንብበው። በአክስቴ ስም ለንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ጀምሬ መካከል ላይ ቆሜአለሁ። የማመልከቻ አጻጻፍ የሚያውቅ፣ በተለይ የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኝ ወይም መምህር ቢኖር፣ ሐሙስ ከእራት በፊት ከዚሁ ሰሌዳ ሥር እጠብቃለሁ።